ቁማር ወደ ቤታችን ሲገባ፦ ቤተሰብ ራሱንና ቁማርተኛውን እንዴት ይጠብቅ?

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በከሚሴ አንድ ቤተሰብ ከአባላቱ አንዱ በውርርድ መጠመዱን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ዕቃ ከተሸጠ ወይም አበዳሪ በር ካንኳኳ በኋላ። ካርታና ከረንቡላ የሚቆመርባቸው ቤቶች በሰፈሩ የታወቁ ስለነበሩ፣ ማን እዚያ እንደሚያመሽ ወሬው ከሚስት ወይም ከእናት ጆሮ ሳይደርስ ብዙ አይቆይም ነበር። የዛሬው የስፖርት ውርርድ ግን ከውርርድ ቤቱ አልፎ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር ቡና ላይ ተቀምጦ፣ ከአቦሉ እስከ በረካው ባለው ጊዜ ውስጥ የወር ደመወዙን ሊጨርስ ይችላል፤ ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን መልእክት የሚጻጻፍ ይመስላታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ የታተመ አንድ ጥናት ከባድ የቁማር ችግር ያለበት አንድ ሰው በአማካይ ሌሎች ስድስት ሰዎችን እንደሚጎዳ ገምቷል። እኛ ዘንድ በአንድ ሰው ገቢ አያትም፣ የእህት ልጅም፣ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የአጎት ልጅም ስለሚኖር፣ የሚጎዳው ሰው ከዚያም የሚበልጥ ይመስለኛል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ዋናው ምክሬም ይህ ነው፦ ሰውየውን አትጣሉት፤ ገንዘቡን ግን ከእጁ አርቁ፣ ዕዳውንም በድብቅ አትክፈሉለት።

ምልክቶቹ

አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ደመወዝ "ዘገየ" የሚባልበት ወር እየበዛ ከሄደ፣ ሰውየው ከተለያዩ ሰዎች በተለያየ ምክንያት ትንንሽ ብር ከተበደረ፣ የእቁብ ዕጣውን ከሌላ ሰው ተለዋውጦ አስቀድሞ ከወሰደና ለምን እንዳዋለው መናገር ካልቻለ፣ ከቴሌብር መላ ወይም ከእንደኪሴ የወሰደው ብድር ተከፍሎ ሳያልቅ እየታደሰ ከሄደ፣ ነገሩ በጥሞና መታየት አለበት። ሱሪ ሲታጠብ ከኪሱ የሚወጣው የተጨማደደ ትኬት፣ ስልኩን ሁልጊዜ በፊቱ ደፍቶ ማስቀመጡ፣ እንቅልፉና ጠባዩ ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ጋር አብሮ መለዋወጡም ይጨመራሉ። ኳስ የሚወድ ሰው ቡድኑ ሲሸነፍ ያዝናል፤ ስማቸውን እንኳ ሰምቶ የማያውቃቸው የሩቅ አገር ቡድኖች በሌሊት ሲሸነፉ የሚያለቅስ ሰው ግን ገንዘብ አስይዟል።

ለምን ማቆም ያቅተዋል?

ቤተሰብ ይህን ካልተረዳ፣ ነገሩን የስንፍናና የብልግና ጉዳይ አድርጎ ስለሚይዘው ቁጣና ልመና ብቻ ይቀሩታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱሶች ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል። ከበሽታው የታወቁ ጠባዮች አንዱ የተበላውን ለማስመለስ መልሶ መጫወት ነው። ስለዚህ ኪሳራው ራሱ የሚቀጥለው ጨዋታ ምክንያት ይሆናል።

ውርርዱ የተሠራበት መንገድም ይህን ያባብሳል። አንድ ወጣት በአንድ ትኬት 10 ጨዋታ መረጠ፣ የእያንዳንዱም ኦድ (ሲያሸንፍ ያስያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር) 1.5 ነው እንበል። ሁሉም እንደገመተው ቢደርሱለት 10 ብሩ ወደ 577 ብር ያድጋል። እያንዳንዱ ጨዋታ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 63 ቢሆን ግን፣ ዐሥሩም አብረው የሚደርሱት ከ100 ትኬት በአንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ ለ100 ትኬት 1,000 ብር ከፍሎ በአማካይ የሚመለስለት 570 ብር ያህል ይሆናል። ከእነዚሁ መቶ ትኬቶች ደግሞ ስድስት የሚሆኑት በአንድ ጨዋታ ብቻ ይወድቃሉ። "አንድ ጨዋታ ነው ያቃጠለብኝ፤ ለጥቂት ነው ያመለጠችኝ" የሚለው አባባል ከዚህ የመጣ ነው። እርሱ ለማሸነፍ እንደተቃረበ ይሰማዋል፤ ስሌቱ የሚያሳየው ግን በጥቂቱ መሳት ከማሸነፍ በስድስት እጥፍ የሚደጋገም መሆኑን ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ አብራችሁ ሥሩት፤ በክርክር ከሚነገረው ይልቅ በእጁ የሠራውን ያምናል።

መጀመሪያ የቤቱን ገንዘብ ማዳን

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ንግግሩን ያስቀድማል። እኔ ግን አስቀድሞ ወይም ቢያንስ በዚያው ቀን ገንዘቡ መጠበቅ አለበት እላለሁ። ዛሬ አልቅሶ ይቅርታ የጠየቀው ሰው ከልቡ መጸጸቱ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ማታ ብር እጁ ላይ ካለ ሊጫወትበት ይችላል።

የሚስጥር ቁጥሮችን ቀይሩ። በብዙ ቤት ማንበብ የማይችሉ እናት ስልካቸውን ለልጃቸው ሰጥተው "እስቲ ስንት ብር እንዳለ እይልኝ" ይላሉ፤ የሚስጥር ቁጥራቸውንም የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። እናትየው ይህን ሥራ ለሌላ ለሚያምኑት ሰው ያስተላልፉ፤ ቁጥሩም በዚያው ቀን ይለወጥ። የባንክ ሒሳብ በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ይቻላል፤ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ በጣምራ ፊርማ እንዲሆን ጠይቁ። የቤት ካርታ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የመኪና ወይም የባጃጅ ሊብሬ፣ የእናት ወርቅ፣ እነዚህ ሁሉ ከቤት ወጥተው በታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጡ። የእቁቡንም ሰብሳቢ አነጋግሩ፤ ዕጣው ሲወጣ ብሩ ለእርሱ ብቻ እንዳይሰጥ፣ ሚስት ወይም ወንድም ባለበት እንዲሆን መስማማት አያስቸግርም።

ከዚያ ዕዳው ይቆጠራል። አንድ ደብተር አውጥታችሁ ለማን፣ ስንት፣ መቼ እንደተወሰደ፣ ማን ዋስ እንደሆነ፣ ምን በመያዣነት እንደተሰጠ አንድ በአንድ ጻፉ። በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ዕዳ ብዙ ጊዜ ሙሉው አይደለም፤ ኀፍረቱ ከባድ ስለሆነ ትልቁን ይደብቃል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን እንደገና ከፍታችሁ "የቀረ አለ ወይ?" ብላችሁ ያለ ቁጣ ጠይቁ። ሁለተኛውን ዝርዝር ሲናገር የተሰደበ ሰው ሦስተኛውን አይናገርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። በእኛ ዘንድ ገመናን መሸፈን ትልቅ ሥነ ምግባር ነው፤ አባት "ስማችን አይጥፋ" ብሎ በሬውን ሸጦ የልጁን ዕዳ ይከፍላል፣ እናትም ለአባት ሳትናገር ጉትቻዋን አውጥታ ትሰጣለች። ፍቅር ነው፤ እኔም ፍቅርነቱን አልክድም። ነገር ግን ዕዳው በአንድ ሌሊት ሲወርድለት ቁማርተኛው የሚማረው ነገር ቢኖር ቢጨንቀው የሚከፍልለት እንዳለ ነው፤ ለአዲስ ብድርም መንገዱ ይከፈትለታል። ዕዳ መከፈል ካለበት በገዛ ደመወዙ፣ በየወሩ ጥቂት በጥቂት፣ እርሱ ባለበት፣ ብሩ በቀጥታ ለአበዳሪው እየተሰጠ፣ ደረሰኝ ወይም ፊርማ እየተወሰደ ይከፈል። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ይሁን፤ አስቤዛ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ከማንኛውም የቁማር ዕዳ ይቀድማሉ።

ሕጉም ከቤተሰብ ጎን የሚቆምባቸው ቦታዎች አሉ። የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤትና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በመያዣም አይሰጥም። አንደኛው ወገን ይህን አድርጎ ከተገኘ ሌላኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ለአቤቱታው የጊዜ ገደብ ስላለ ግን የሰማች ሚስት ለነገ ሳትል ወደ ፍርድ ቤት ትሂድ። አካለ መጠን ያደረሰ ልጅ ለተበደረው ዕዳ ዋስ ያልሆኑ ወላጆች ከፋይ አይደሉም፤ አበዳሪው "አባት አይደለህም ወይ?" ብሎ ቢጮህም ይህ አይለወጥም። የዋስትና ውልም ዋስ የሆነበትን ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልጠቀሰ ዋጋ የለውም። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ በአራጣ ያበደረ ሰው በዛቻ ቢመጣ ፖሊስ ዘንድ መሄድን አትፍሩ።

ከዐረብ አገር የሚላከው ገንዘብ

ለወሎ ይህ ለብቻው መነሣት አለበት። ከእያንዳንዱ ሰፈር ማለት ይቻላል አንዲት እህት ወይም ልጅ ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ትሠራለች፤ የምትልከውን ሐዋላ የሚቀበለውም ብዙ ጊዜ ወንድሟ ነው። "ቆርቆሮ ገዛሁ፣ መሠረቱ ተጣለ" እያለ የሌላ ሰው ግንባታ ፎቶ እየላከላት፣ እርሷ በሰው ቤት ያገኘችው የዓመታት ላብ በሌሊት ትኬት ያልቃል። ስትመለስ የምታጣው ብሩን ብቻ አይደለም፤ የምታምነውን ወንድምም ታጣለች፤ ያ ለብዙዎቹ ከገንዘቡ ይከፋባቸዋል።

እናት ወይም አባት ይህን ካወቃችሁ ከእርሷ አትደብቁ። "ሰው አገር ሆና ትጨነቃለች" የሚለው ርኅራኄ ጉዳቷን በወር በወር ያሳድገዋል። እርሷም በገዛ ስሟ የባንክ ሒሳብ ከፍታ ዋናውን ቁጠባ እዚያ ታስቀምጥ፤ ለወላጆች የምትልከው የቀለብ ብር ብቻ ይሁን። ለግንባታ የምትከፍል ከሆነ ለዕቃ ሻጩ በቀጥታ ትክፈል፤ ሥራውንም ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አንድ ሰው በቪዲዮ ያሳያት። ወንድሟ ቅር ቢለው ይህ ሥርዓት ለሁሉም ወንድሞች እኩል መሆኑን ትንገረው።

እንዴት ይነገረው?

በተበላበት ሌሊት፣ በጨዋታ ሰዓት፣ ወይም ጠጥቶ በመጣበት ጊዜ አታናግሩት። ጠዋት፣ ልጆች በሌሉበት፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆናችሁ አነጋግሩት። ጠቅላላ ክስ ክርክር ይወልዳል፤ በዐይን የታየ አንድ ነገር ይዞ መጀመር ይሻላል። አንዲት ሚስት እንዲህ ልትል ትችላለች፦

"ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ያስቀመጥነው 3,000 ብር የለም። የውርርድ መልእክትም ስልክህ ላይ አይቻለሁ። ልጣላህ ብዬ አይደለም የጠራሁህ። ከዛሬ ጀምሮ የአስቤዛውንና የኪራዩን ብር እኔ እይዛለሁ። ዕዳህን ስንት እንደሆነ ብትነግረኝ ቁጭ ብለን እናየዋለን፤ ተበድሬ ግን አልከፍልልህም።"

እርሱ "አታምኚኝም ማለት ነው?" ይላል። መልሱ አጭር ይሁን፦ "እወድሃለሁ፤ ብር ግን አሁን እጅህ ላይ አይበረክትም።" "አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክርና ዕዳዬን በእርሷ ልጨርስ" ካለ ደግሞ ይህ ራሱ የበሽታው ንግግር ስለሆነ መከራከር አያስፈልግም፤ "ለዚያ የሚሆን ብር ከዚህ ቤት አይወጣም" ብሎ ማቆም ይበቃል። እናት ከሆናችሁ ደግሞ ለቅሶውን ችላችሁ፣ እርግማኑን ተዉት። "ጡቴን ቆርጬ" የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ልጁ ወደ እናቱ የሚመለስበት መንገድ ይጠብበታል።

ሽማግሌ፣ መሐላና ጋብቻ

ሽምግልና በእኛ አገር ብዙ ቤት አድኗል፤ ለዚህም ይጠቅማል፣ ከተመረጠ። የቅሬውን (የሰፈር ዕድሩን) ሰው ሁሉ መጥራት ሰውየውን አዋርዶ ከሰፈር ያስወጣዋል። የሚያከብረው አጎት፣ አንድ የሰፈር ትልቅ ሰው፣ ከሃይማኖቱም ሸህ ወይም የንስሐ አባት፣ ሦስት ሰው ይበቃል። ክርስቲያንና ሙስሊም በተጋባበት ቤት ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው መገኘቱ መልካም ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ደመወዙን ማን እንደሚይዝ፣ ለኪሱ በሳምንት ስንት እንደሚሰጠው፣ ዕዳው በወር ስንት እንደሚከፈል፣ መቼ እንደገና እንደሚገናኙ በቁጥር ይቀመጥ።

በቁርኣን ወይም በመስቀል ማስማልን ግን አልደግፍም። እምነቱ ያልጠነከረ ስለሆነ አይደለም፤ ሙስሊሙ ቁማር በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር እንደተከለከለ ያውቃል፣ ክርስቲያኑም ኃጢአት መሆኑ አይጠፋውም። ሱስ የያዘው ሰው መሐላውን ሲያፈርስ ግን "ከእንግዲህ ፈጣሪም ትቶኛል" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ መውደቁንም ከእናንተ ይደብቃል። ዱዓውም፣ ወዳጃውም (የኅብረት ዱዓው)፣ ጠበሉም ይቀጥሉ፤ ሰውየውን ከሰው ጋር ያቆዩታል፣ ለቤተሰቡም ብርታት ናቸው። በዚያው ሳምንት የገንዘቡ ጥበቃም፣ የሐኪሙም ቀጠሮ አብረው ይሂዱ።

"ሚስት ይያዝ፣ ይሰክናል" የሚለውን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ጋብቻ ሱሱን አያድነውም፤ ምንም የማታውቅ የሰው ልጅን ዕዳ ውስጥ ያስገባል፣ የጥሎሽና የሠርግ ብርም ወደዚያው ይሄዳል። ለጋብቻ የተጠየቀ ቤተሰብ በግልጽ ይጠይቅ፤ የጠየቀውም ቤተሰብ እውነቱን መናገር ግዴታው ነው።

ሕክምና፣ እና ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ

ለቁማር ሱስ ጥሩ ውጤት ያሳየው ሕክምና በባለሙያ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ሰውየው ወደ ጨዋታ የሚገፉትን ሐሳቦችና ሰዓቶች እንዲለይና ሌላ እንዲተካባቸው የሚያሠለጥን። ድብርት፣ የመጠጥ ወይም የጫት ሱስ አብሮ ካለ እነርሱም ይታከማሉ። በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ በወረዳ ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ማጻፍ ትችላላችሁ። እርሱ አልሄድም ቢል ሚስት ወይም እናት ብቻዋን ሄዳ ብትማከር ይጠቅማል፤ እንቅልፍ ያጣችው፣ ምግብ የጠላችው፣ ራሷን የሚያማት እርሷም ናትና።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ራስን ማጥፋት ነው፤ ዕዳው በተገለጠበት ሰሞን አደጋው ከፍ ይላል። "ብሞት ትገላገሉ ነበር" ካለ፣ ያለ ምክንያት ሰው መሰናበትና ይቅርታ መጠየቅ ከጀመረ፣ ወይም ዝም ብሎ ከተዘጋ፣ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። "አዎ" ካለ ብቻውን አትተዉት፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ክኒንና የጦር መሣሪያ ከቤት ይውጡ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ያን ቀን ስለ ዕዳው አይወራ።

ገንዘብ የተከለከለ ሰው እጁን ካነሣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሚስት ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመድ ትሂድ፤ ለፖሊስና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ታመልክት። ሽምግልናው የሚቀጥለው እርሷ ደኅንነቷ ከተጠበቀ በኋላ ነው።

ልጆች

ልጆች ከምታስቡት በላይ ያውቃሉ። እንደ ዕድሜያቸው በአጭሩ ንገሯቸው፦ "አባባ ቁማር የሚባል ሕመም ይዞታል፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ለትምህርታችሁ የሚሆነውን እኔ አስቀምጫለሁ።" አባታቸውን ከውርርድ ቤት ጥራ ብላችሁ አትላኳቸው፣ ስልኩንም እንዲሰልሉ አታድርጉ። ወንድ ልጅ ካለ በተለይ አባቱ አሸንፎ የመጣበትን ቀን ተጠንቀቁ፤ በዚያ ቀን የተገዛው ሥጋና ጫማ ቁማር ያበላል የሚል ትምህርት ያስተምረዋል።

ገንዘቡ ወደ እጁ ሲመለስ

ማቆሙ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ ለወራት ቆይቶ አንድ ቀን ሊወድቅ ይችላል። በወደቀ ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ "ብሩን ከየት አገኘኸው?" የሚል ነው፤ የተከፈተው ቀዳዳ በዚያ ይታወቃልና። በዚያው ቀን ከነገራችሁ ደግሞ ስለ መናገሩ አመስግኑት።

ገንዘቡን የመያዝ መብት በደረጃ ይመለስለት። መጀመሪያ የሳምንት የትራንስፖርትና የቡና ብር፤ ሁለትና ሦስት ወር በደኅና ከሄደ አስቤዛ እየገዛ ደረሰኝ ወይም የዋጋ ዝርዝር ያምጣ፤ ቀጥሎ አንድ የቤት ክፍያ፣ ለምሳሌ የመብራት፣ በእርሱ ይሁን። ደመወዙና የባንኩ ጣምራ ፊርማ ግን ዕዳው ከደብተሩ ላይ ተሰርዞ እስኪያልቅ ቢያንስ ባለበት ይቆይ። ትልልቅ ውድድሮች የሚደረጉባቸውን ወራት፣ የዓለም ዋንጫንና የአውሮፓ ሻምፒዮና ሰሞንን ጨምሮ፣ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ በእነዚያ ወራት አዲስ ደረጃ አይጨመር፣ ጨዋታውንም ቤት ውስጥ ከእናንተ ጋር ይመልከት፣ ስልኩንም እስከ ጨዋታው ማብቂያ ለሚስቱ ወይም ለወንድሙ ይስጥ።